አብሮ የተዘጋ ሱቅ፦ መርካቶ እንዴት ያርፋል?

ስለ ድካምና ስለ እረፍት የሚጻፈው ምክር ሁሉ የሚናገረው ለአንድ ሰው ነው። በጊዜ ተኛ፣ ውሃ ጠጣ፣ ጥቂት ተራመድ፣ ስልክህን አጥፋ፣ ለራስህ ጊዜ ስጥ ይላል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ አብዛኛውም በጥናት የተደገፈ ነው። ይህንኑ ምክር ይዞ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከምን አለሽ ተራ ወደ ሲኒማ ራስ ለመሻገር የሞከረ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ጎረቤቱ ከፍቶ እየሸጠ ሱቁን ዘግቶ የሚያርፍ ነጋዴ ማን ነው? በሸማ ተራም ሆነ በዱባይ ተራ ደንበኛ የተዘጋ በር ላይ ቆሞ አይጠብቅም። ሁለት እርምጃ ተራምዶ ያንኑ ዕቃ ከሚቀጥለው ሱቅ ይገዛል፤ ምናልባትም ለዘለቄታው እዚያው ይቀራል።

ስለዚህ የተለመዱትን የእረፍት ልማዶች በመርካቶ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ለጤና ገጽ አንባቢ የሚያምረው ሁሉ ለሻጩ፣ ለጫኙ፣ ለጉልት ነጋዴዋ እኩል አይሠራም። ይህን ጉዳይ ሳየው የደረስኩበት ድምዳሜ አንድ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ጉልበት የሚመልሰው እረፍት ሰው ለብቻው የሚሰርቀው ሳይሆን ተራው በሙሉ አብሮ የሚወስደው ነው። ለብቻ የሚደረገውም ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ድጋፍ እንጂ ምሰሶ አይሆንም።

መርካቶ እረፍት የሌለው ቦታ ሆኖ ነው የተወለደው ማለት ይቻላል። ከጣሊያን ወረራ በፊት የአዲስ አበባ ዋና ገበያ አራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ወራሪው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ ከተማውን በዘር ከፍሎ ሲያቅድ የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ ዛሬ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚባለው አካባቢ ያን ጊዜ ነው የገበያ ሰፈር የሆነው። ከነጻነት በኋላ በርበሬው፣ እህሉ፣ ቆርቆሮው፣ ጨርቁና ኤሌክትሮኒክሱ ተራ በተራ ተደርድሮ የአገሪቱ የጅምላ ንግድ እምብርት ሆነ። ከጅማ፣ ከደሴ፣ ከጎንደር የሚመጣው ነጋዴ ጭነቱን አስሮ ቶሎ መመለስ ይፈልጋል። እሱ በቸኮለ ቁጥር ሻጩ ይቸኩላል፤ ሻጩ በቸኮለ ቁጥር ጫኙ ይሮጣል።

ሰዓቱን እንቁጠር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ሱቁ በር ላይ የሚቆም ሰው በስድስት ቀን 66 ሰዓት ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ የጋራ ጥናት አውጥተው ነበር። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ፣ በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋው ደግሞ 17 በመቶ ከፍ ይላል። የመርካቶ ተራ ነጋዴ በዚህ ስሌት ሐሙስ ማታ ሱቁን ሲዘጋ 44 ሰዓት ጨርሷል፤ ዓርብ ማታ 55ቱ ይሞላል፤ ትልቁ የገበያ ቀን ቅዳሜ ግን ገና ነው።

ለዚህ ድካም ሐኪም መጀመሪያ የሚያዘው እንቅልፍ ነው፤ ትክክልም ነው። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት ያስፈልገዋል የሚለው የባለሙያዎች ስምምነት ነው። ሰውነት በሌላ ነገር የማይተካው ጥገና የሚካሄደው ያን ጊዜ ነውና ከልማዶች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። በአንድ ሰዓት መተኛት፣ በአንድ ሰዓት መነሳት፣ ክፍሉን ማጨለም፣ ስልክን ከትራስ ማራቅ፤ እነዚህ ሁሉ ያለ ገንዘብ የሚደረጉ ናቸው። ባለሱቁ ቢፈልግ ያደርጋቸዋል፤ የሚያሸንፈው አብዛኛውን ጊዜ ዓለም አቀፍ ኳስና ስልኩ ነው። ጫኝና አውራጁ ግን ቢፈልግም አይችልም። ከባድ መኪና ቀን ቀን ወደ መሃል ከተማ እንዳይገባ ስለሚገደብ ብዙው ጭነት የሚራገፈው ማታና ሌሊት ነው። ኩንታል ተሸክሞ ያደረ ወጣት ጎህ ሲቀድ ይተኛል፤ ከተማው ግን በዚያች ሰዓት ይነቃል። የቀን እንቅልፍ በብርሃንና በጫጫታ እየተቆራረጠ ከሌሊቱ ያነሰ እንደሚሆን በፈረቃ ሠራተኞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስምንት ሆነው በተከራዩት ክፍል የሚያድር ሰው ደግሞ በጊዜ ተኛ ሲባል የሚሰማው ቀልድ ነው።

የቀትር ሸለብታ ከዚህ ይልቅ ለመርካቶ ይመቻል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ረጅም በረራ ላይ ያሉ አብራሪዎችን ሲያጠና 40 ደቂቃ የማረፊያ ጊዜ ተሰጥቷቸው በአማካይ 26 ደቂቃ ያህል የተኙት ካልተኙት ይልቅ ንቁ ሆነው ተገኝተዋል። ከግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ሰው ከከባድ እንቅልፍ ተጎትቶ ስለሚነሳ ይፈዛል። መርካቶ ይህን ከናሳ አልተማረም። በእስልምና የቀትር ዕረፍት ቀይሉላ ይባላል፤ የተወደደ ልማድ ነው። በታላቁ አንዋር መስጊድ የዙሁር ሶላት ካበቃ በኋላ ጫማውን ከራሱ አጠገብ አድርጎ ምንጣፉ ላይ ጥቂት የሚጋደም ሰው አይጠፋም። ከመስጊዱ ብዙም የማይርቀው የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥርም ለደከመ ምዕመን እንዲሁ ጥላ ይሰጣል። በሁለቱም የማደንቀው ነገር ቢኖር ወደዚያ የሄደን ነጋዴ ደንበኛም ሆነ ጎረቤት የማይቆጣው መሆኑ ነው። «ሶላት ሄዷል» የሚለው መልስ በቂ ነው፤ «ተኝቷል» ግን ያሳፍራል። እረፍቱ ያው ነው፤ ፈቃዱን የሰጠው ግን ማኅበረሰቡ ነው።

ከእንቅልፍ ይልቅ መርካቶን የሚያንቀሳቅሱት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቡናና ጫት። ስለ ሁለቱ እውነቱን ካልተነጋገርን ዳሰሳው ዳሰሳ አይሆንም።

ቡና ጉልበት አይሰጥም፤ ድካሙን ይደብቃል። ነቅተን በቆየን ቁጥር አንጎላችን ውስጥ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር እየተጠራቀመ እንቅልፍ ይጠራል። ካፌይን ያንን ጥሪ የሚቀበለውን በር ይዘጋል፤ ጥሪው ግን አይቆምም፤ ካፌይኑ ሲለቅ ተጠራቅሞ ይመጣል። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነታችን ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ስኒ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ገና በግማሹ በደም ውስጥ አለ ማለት ነው። በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ለአብዛኛው ጤነኛ አዋቂ ጉዳት የለውም፤ ችግሩ የመጠኑ ሳይሆን የሰዓቱ ነው። ጠቃሚው ልማድ አንድ ብቻ ነው፤ የመጨረሻውን ስኒ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት መጨረስ።

ጀበናው ግን ከካፌይን በላይ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪደርስ ሰው ይቀመጣል፤ ያወራል፤ ዋጋ ይጠያየቃል፤ የታመመ ካለ ይሰማል። በየደረጃው ሥር፣ በየመተላለፊያው ከሰልና ረከቦት ይዛ የተቀመጠችው ቡና አፍዪ ለመርካቶ የምትሸጠው ዋና ነገር አጭር በርጩማና ሃያ ደቂቃ መቀመጫ ነው ብል አላጋንንም። እሷ ራሷ ግን ቀኑን ሙሉ ከከሰል ጭስ ፊት አትነሳም።

ጫት ሌላ ነገር ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ቅጠሉ ከተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛው ኃይሉ ስለሚጠፋ ነው ከአወዳይም ሆነ ከወንዶ የሚመጣው የጫት መኪና እንደ አምቡላንስ የሚበረው። ከምሳ በኋላ በርጫ የሚጀምር ሻጭ እስከ ማታ አፉ አይዘጋም፤ ሒሳቡ ይቀለዋል፤ ረሃቡ ይጠፋል። የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ግን ይጨምራል፤ ሆዱ ይደርቃል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ይከፋዋል፤ እንቅልፉ እምቢ ይላል። ያን በመጠጥ ለመስበር ጨብሲ ይገባል፤ በማግስቱ በድካም ላይ ድካም ይዞ ይነሳና መልሶ ጫት ይፈልጋል። ይህ አዙሪት የብዙ ወጣት ሻጮችን ደመወዝ በልቷል። ስለ ባህልነቱ የሚነሳውን ክርክር ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ፤ ጉልበት መመለሻ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ነገ የሚመጣን ጉልበት ዛሬ በወለድ መበደር ነው።

በምግብ በኩል ለሌሊት ጫኞች ከሁሉ የምመርጠው በሶ ነው። የተቆላ ገብስ ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ ወይም ጭብጦ ሆኖ የሚበላው ይህ ምግብ ርካሽ ነው፤ ማብሰያ አይጠይቅም፤ ቀስ ብሎ ስለሚፈጭ ለረጅም ሰዓት ይይዛል። ገበሬው፣ ዘማቹና መንገደኛው ለዘመናት ስንቅ ያደረጉት በከንቱ አይደለም። ከቁርስ ላይ ሻይና ብስኩት፣ ከምሳ ላይ ስኳር የበዛበት ለስላሳ ወይም የኃይል መጠጥ የሚያፈራርቅ ሰው ግን ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲወርድ እሱም አብሮ ይወርዳል። አብዛኛው ምዕመን በሚጾምባቸው ቀናት ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ጥሩ ምሳ ናቸው፤ ጉድለቱ የሚመጣው ሳይበሉ ውሎ ማታ በአንድ ጊዜ ሲሞላ ነው። በረመዳን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሱሁሩ ምግብ ቀኑን ይወስናል።

ውሃ ጠጡ የሚለው ምክር ላይ ትንሽ እንቁም፤ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። መጠነኛ የውሃ እጥረት ራስ ያሳምማል፣ ሐሳብ ይበትናል። ታዲያ ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ ዘርግታ የምትውል ጉልተኛ ለምን አትጠጣም? ብትጠጣ ወዴት ትሄዳለች? ቢኖርም የሚከፈልበት ሽንት ቤት ነው፤ ብትሄድ ዕቃዋን ማን ያይላታል? ደንብ አስከባሪ ቢመጣስ? ስለዚህ ጥሟን ትይዛለች። ይህች ሴት የጎደላት ስለ ውሃ ጥቅም የሚነገር ትምህርት አይደለም። በአቅራቢያዋ ንጹሕ መጸዳጃ፣ አጠገቧ ደግሞ «ሂጂ እኔ አለሁ» የምትላት አንዲት ጓደኛ ያስፈልጋታል። ሁለተኛው መርካቶ ውስጥ ሞልቷል። ጉልተኞች ዕቃ ሲጠባበቁ፣ ሕፃን ሲቀባበሉ፣ ለቅሶ ለሄደችው ሲሸጡላት ማየት የዕለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ግን የከተማው ዕዳ ሆኖ አለ።

ሰውነትን በውሃና በእጅ ማደስ ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውሃው አጠገብ የሰፈሩት፣ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ አዲስ አበባ የተባለችውም በዚሁ ሙቅ ውሃ ሰበብ ነው። ዛሬም እሑድ ጠዋት ፍልውሃ ወረፋ ይዞ ተዘፍዝፎ የሚወጣ ነጋዴ አለ። ሙቅ ውሃ የተኮማተረ ጡንቻ ያፍታታል፤ ሰውነት ከዚያ በኋላ ሲቀዘቅዝ እንቅልፍ ያመጣል። የወገቡ ነገር የከፋበት ጫኝ ደግሞ ወጌሻ ጋ ይሄዳል። ለተለመደ የጡንቻ መወጠር የወጌሻ እጅ ሊያሳርፈው ይችላል፤ እግር ሲያደነዝዝ፣ ሽንት መቆጣጠር ሲያቅት ወይም ሕመሙ ወደ እግር ሲወርድ ግን የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። ባለቅባት እጅ ያንን አያይም።

ስለ እንቅስቃሴ ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ለጫኙ ይህ ስላቅ ነው፤ ተቀምጦ ለሚውለው ባለሱቅ ግን በጣም ይሠራል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መንገድ ለሰው በሚል አስፋልቱ ለእግረኛ የሚለቀቅባቸው እሑዶችና በ1994 ዓ.ም. የጀመረው ታላቁ ሩጫ አንድ ነገር አሳይተዋል፤ ብቻውን የማይሮጥ ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ይሮጣል።

አንድ ማሳሰቢያ ሳልሰጥ ባልፍ ግን ያጸጽተኛል። ተኝቶ፣ በልቶ፣ አርፎም የማይለቅ ድካም ልማድ በመቀየር አይድንም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ኢትዮጵያውያት 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ስኳር፣ የእንቅርት ሕመም፣ ሳንባ ነቀርሳና ድባቴም መጀመሪያ የሚታዩት በድካም መልክ ሊሆን ይችላል። ለሳምንታት የቆየ ድካም፣ የክብደት መቀነስ ወይም የማይቆም ሳል ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙንና አክታውን ያስመርምር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሳቢነ ሶነንታግ ሠራተኞች ከሥራ በኋላ ጉልበታቸው እንዴት እንደሚመለስ ለዓመታት አጥንታለች። ደጋግማ ያገኘችው ነገር ወንበር ላይ መቀመጥ ብቻውን እረፍት አለመሆኑን ነው፤ ሐሳብ ከሥራው መላቀቅ አለበት። መርካቶ ውስጥ ከባዱ ይህ ነው። ሰውየው ቤቱ ሆኖ ሐሳቡ ግን መጋዘኑ ውስጥ ነው። ዶላሩ ስንት ገባ? ዱቤ የወሰደው ሰው ለምን ስልክ አያነሳም? ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ ላይ የተነሳው እሳት የስንቱን ሀብት በአንድ ሌሊት እንደበላ ያየ ነጋዴ ማታ የሳይረን ድምፅ በሰማ ቁጥር ይነቃል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር ሲመጣ ክፍያው ቀለለ፤ የክፍያው መልእክት ግን እሑድም ምሽትም ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ስልክህን አጥፋ የሚለው ምክር እዚህ ላይ ይከሽፋል፤ ተፎካካሪው ስልኩን አላጠፋማ።

ሰው ሥራን ከሐሳቡ የሚያወጣው ሥራው ራሱ በሁሉም ቦታ ቆሟል ብሎ ሲያምን ነው። የእሑድ መርካቶ ኃይሉ ይህ ነው። ቅዳሜ በትከሻ የሚገፋፉበት መንገድ እሑድ ጭር ይላል፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አብዛኛው የብረት መዝጊያ ወርዷል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ዘግቷል። ማንም ማንንም አይቀድምም፤ ደንበኛውም እንደማይከፈት ስለሚያውቅ አይመጣም። ቀኑ ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ቅዳሴ፣ ሰንበቴ፣ ዕድር፣ ልቅሶ፣ ሠርግ፣ የታመመ መጠየቅ ይሞላዋል። ይህ ሁሉ ራሱ ያደክማል የሚል ሊኖር ይችላል፤ እውነት ነው፤ የሚያደክመው ግን ሌላውን ጅማት ነው።

እረፍትን የጋራ አድርጎ ማሰር በዚህ አገር ረጅም ታሪክ አለው። የመነኩሴው የኤዎስጣቴዎስ ተከታዮች ቅዳሜም እንደ እሑድ ሰንበት ሆኖ ይከበር ብለው ብዙ ተከራክረው፣ ብዙ ተሰድደው በመጨረሻ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1442 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። ክርክሩ የሃይማኖት ነበር፤ ውጤቱ ግን ለገበሬውና ለአገልጋዩ ማንም የማይነካው የጋራ ቀን ሆነ። የዓርብ ጁምዓም ከዚህ የተለየ አይደለም። ቁርኣን ነጋዴውን የሚያዝዘው ጥሪው ሲሰማ ንግዱን እንዲተው፣ ሶላቱ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ሥራው እንዲበተን ነው። በአንዋር ዙሪያ ያሉ መንገዶች ዓርብ ቀትር ላይ በሰጋጅ ሞልተው ንግዱ የሚቆመው በአንድ ጊዜ ነው፤ የሚቀጥለውም በአንድ ጊዜ።

ተቃራኒውን የሞከረ አገር ነበር። ሶቪየት ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1929 ፋብሪካ ለአንድም ቀን እንዳይቆም ብላ እሑድን ሰረዘች። ሠራተኛው በአምስት ቀለም ተከፍሎ አራት ቀን ሠርቶ በአምስተኛው እንዲያርፍ ተደረገ፤ የየቀለሙ የእረፍት ቀን ይለያያል። በቁጥር ሲታይ እረፍቱ ከቀድሞው በዛ። ነገር ግን ባል ቢጫ፣ ሚስት ቀይ ሆነው ሲገኙ፣ ጓደኛ ከጓደኛ መገናኘት ሲያቅተው ሰዉ አጉረመረመ፤ ማንም የሌለበት ቤት ውስጥ ማረፍ ምን ሊረባ? እ.ኤ.አ. በ1931 የጋራ የእረፍት ቀን ተመለሰ፤ በ1940 እሑድ ራሱ ተመለሰ። በስዊድን ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ቴሪ ሃርቲግ ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናትም ወደዚያው ያመለክታል፤ ብዙ ሰው በአንድ ወቅት ፈቃድ ሲወጣ የድባቴ መድኃኒት መታዘዝ ይቀንሳል፤ ቅናሹ የሚታየው ሥራ በሌላቸው ጡረተኞች ላይ ጭምር ነው። ከሰው ጋር የሚያርፍ ሰው ሌላውንም ያሳርፋል ማለት ነው።

የመርካቶ ትልቁ እረፍት ግን መስቀልና አረፋ ነው። ከመስከረም አጋማሽ በፊት ገበያው ይሰክራል፤ ልብስ፣ ቢላ፣ ጣባ፣ ስጦታ ይሸጣል። ከዚያ ጉራጌው ነጋዴ ሱቁን ይቆልፍና ወደ ወልቂጤ፣ ወደ ቡታጅራ፣ ወደ እምድብር ይሄዳል፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስንቱ ተራ ጭር ይላል። ስልጤውና ሙስሊሙ ጉራጌ ደግሞ ለአረፋ ወደ ወራቤና ወደየቀዬው ይተማል። ሱቅ ጠባቂ፣ ተላላኪ፣ ሊስትሮ ሳይቀር ይሄዳል፤ ሊስትሮው እንዲያውም አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ለእናቱ ሻሽ ይዞ ይገባል። እዚያ ክትፎ አለ፣ ቆጮ አለ፣ ሽማግሌ ፊት የሚያልቅ ጠብ አለ፣ የሚታጭ ልጅ አለ። አዲስ አበባ ላይ ያለ ደንበኛ «መስቀል ነው፣ የለም» ይልና ይመለሳል፤ ቅር አይለውም።

ይህን ዓመታዊ እረፍት ከማደንቅበት ምክንያት አንዱ በድንገት የማይመጣ መሆኑ ነው። የበሬው ገንዘብ በዕቁብ ሲጠራቀም ከርሟል፤ አገር ቤት ያሉት ሴቶች በቅቤ ዕቁብ ተደራጅተው ቅቤውን ወር በወር አስቀምጠዋል። ስለዚህ ሰውየው ሲያርፍ ወጪ እያሰላ አያርፍም። ስለ ፈቃድ የተደረጉ ጥናቶች የእረፍት ደስታ ከተመለሱ በሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ እንደሚጠፋ ይናገራሉ። ይህ ለመስቀልም ሳይሠራ አይቀርም፤ ጥቅምት ሳይጋመስ ሁሉም እንደቀድሞው ይጨቃጨቃል። ስለዚህ ነው ዓመታዊው ሳምንታዊውን፣ ሳምንታዊው የቀትሩን የማይተካው።

እስካሁን የዘረዘርኩት ግን ሁሉንም አያቅፍም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛ ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በየሳምንቱ ያልተቆራረጠ የ24 ሰዓት እረፍት እንዲኖር፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ እንዲሰጥ ያዛል። የሱቅ ተቀጣሪዋ በዚህ ሕግ ውስጥ ናት፤ ፈቃዷን የጠየቀች ግን ስንት ናት? በየጭነቱ ተስማምቶ የሚከፈለው ጫኝ ደግሞ ቋሚ አሠሪ ስለሌለው ይህን አዋጅ በማን ላይ እንደሚያነሳ አያውቅም። ለእሱ እሑድ ማለት ገቢ የሌለበት ቀን ነው፤ ሰው የሚያርፍበት ቀን እሱን ያሳስበዋል። ሱቅ በመዘጋቱ ብቻ እረፍት አይገኝም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከደረሰኝ ቁጥጥር ጋር ተያይዞ ብዙ የመርካቶ ሱቆች ተዘግተው በነበረበት ሰሞን ያረፈ ሰው አልነበረም፤ ጭንቀት ብቻ ነበር።

በዚያው ዓመት የከተማው አስተዳደር በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ የንግድ ቤቶች እስከ ምሽቱ 3:30 ክፍት እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ከተማዋ በምሽት ደምቃ እንድትታይ መፈለጉ ይገባኛል፤ ንግዱም ሊጠቀም ይችላል። ነገር ግን መዝጊያ ሰዓትን መንግሥት ወደ ኋላ ሊገፋው ከቻለ፣ ነጋዴዎች ራሳቸው ተስማምተው የቀትር ሰዓትን ሊያስከብሩት የማይችሉበት ምክንያት አይታየኝም።

ለዚህ የሚሆን ድርጅት መፈለግ አያስፈልግም፤ ዕቁቡ አለ። አንድ ተራ ውስጥ ያሉ ነጋዴዎች በየሳምንቱ ገንዘብ ይዘው ይገናኛሉ፤ ዳኛ አላቸው፣ ጸሐፊ አላቸው፣ የቀረ ይቀጣል፣ የዘገየ ይቀጣል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ብር በመተማመን ብቻ ይንቀሳቀሳል። ይህ ሸንጎ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ተራው በሙሉ ይዘጋል ብሎ ቢወስን፣ የጣሰውን እንደ ቀሪ ቢቀጣ፣ ከቅጣቱ ገንዘብ ለጫኞች ማረፊያ የሚሆን አንድ ክፍልና ንጹሕ ሽንት ቤት ቢያሠራ፣ ደንበኛው በአንድ ወር ይለምደዋል። ከባዱ ክፍል የመጀመሪያው ሳምንት ነው፤ ጅምላ ገዢው ከአውቶቡስ ተራ ሻንጣውን እየጎተተ ሲመጣ ማንም ከፊት በር ዘግቶ ከኋላ በር እንዳይሸጥለት ዳኛው ራሱ ቆሞ ማየት ይኖርበታል።